«ገብረ ሥላሴ» የሚባሉ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው? ስለ አባት ስም፣ ስለ ቤተሰብ ስምና ስለ አጻጻፍ ልዩነት

በዓለም የስፖርት መዛግብት ውስጥ አንድ ስም በብዙ መልክ ተጽፎ ይገኛል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒኮች የ10,000 ሜትር አሸናፊ ነው። ግርማይ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2015 በቤይጂንግ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ለኤርትራ ወርቅ ያስገኘ ሯጭ ነው። ልዑል ገብረ ሥላሴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በዚያው ርቀት ለኢትዮጵያ የነሐስ ሜዳልያ አምጥቷል። ከሩጫው ወጥተን ወደ እግር ኳስ ብንሄድ ለቼክ ሪፐብሊክ ብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ የኖረውን ቴዎዶር ገብረ ሥላሴን እናገኛለን። በእኛ ፊደል የአራቱም ሰዎች ሁለተኛ ስም አንድ ነው፤ በላቲን ፊደል ግን የአንዱም አጻጻፍ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ይህን ዝርዝር የሚመለከት የውጭ አገር ሰው ከሁለት አንዱን መገመቱ አይቀርም። ወይ ሰዎቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ይላል፤ ወይም አጻጻፉ ስለተለያየ ስሞቹ ራሳቸው የተለያዩ ናቸው ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ግምቶች የተሳሳቱ ናቸው። ስሕተቱ የውጭ ሰዎች ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ልጆች ከታዋቂው ሯጭ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ሲጠየቁ፣ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት የሚቸግራቸው ጥቂት አይደሉም። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ይህን አንድ ስም እንደ ምሳሌ ይዞ፣ ስሙ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ለምን ብዙ መልክ እንደያዘና መዝገብ ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚገጥመው ያሳያል።

የአባት ስምና የቤተሰብ ስም በምን ይለያያሉ?

የቤተሰብ ስም የሚባለው አያት፣ አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ሳይለውጡ የሚጠሩበት የጋራ ስም ነው። በአብዛኛው አውሮፓና በአሜሪካ የተለመደው ይህ ነው። የአባት ስም ግን የአባትየው የራሱ መጠሪያ ነው፤ ልጁ ከስሙ ቀጥሎ የሚያስከትለው የማን ልጅ እንደሆነ ለማመልከት ነው። የቤተሰብ ስም እንደ ርስት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ ይኖራል፤ የአባት ስም ግን የሚያገለግለው ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው፤ ልጁ ራሱ አባት ሲሆን የእርሱ ስም በተራው ይተካል።

ስለዚህ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲባል፣ «ኃይሌ» የሰውዬው ስም፣ «ገብረ ሥላሴ» ደግሞ የአባቱ የመጠሪያ ስም ነው። በደንቡ መሠረት የኃይሌ ልጆች በስማቸው ላይ «ኃይሌ»ን ያስከትላሉ እንጂ «ገብረ ሥላሴ»ን አይወርሱም፤ ገብረ ሥላሴ ለእነርሱ የአያት ስም ይሆንና ሙሉ ስም በሚጠየቅበት ጊዜ በሦስተኛ ደረጃ ይጻፋል። ያገባች ሴትም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፤ የባሏን አትወስድም። በዚህ ሥርዓት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማርኛ ተናጋሪውም ትግርኛ ተናጋሪውም በሰፊው ይጠቀማል። ሰውን በአክብሮት የምንጠራው በራሱ ስም የሆነውም ለዚህ ነው፤ «ሻለቃ ኃይሌ» እንላለን እንጂ «ሻለቃ ገብረ ሥላሴ» አንልም፤ እንዲያ ብንል የጠራነው አባትየውን ይሆናልና። የውጭ ጋዜጦች «ገብረ ሥላሴ አሸነፈ» ብለው ሲጽፉ በእኛ ጆሮ አባቱ ሮጠው ያሸነፉ የሚያስመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሥርዓቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በአይስላንድም አብዛኛው ሰው ከስሙ ቀጥሎ የሚይዘው የአባቱን ወይም የእናቱን ስም «ልጅ» ከሚል ቃል ጋር አጣምሮ ሲሆን፣ መሪዎቻቸው ሳይቀሩ የሚጠሩት በመጀመሪያ ስማቸው ነው። በሌላ በኩል የቤተሰብ ስም ከጥንት የነበረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም በቱርክ ለምሳሌ ዜጎች ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የታዘዙት እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣ ሕግ ነው።

ታዲያ አንድ ዓይነት የአባት ስም ምንም ዝምድና አያሳይም?

ሊያሳይ የሚችለው አንድ ዝምድና ብቻ ነው፦ ወንድማማችነትና እኅትማማችነት። ቀነኒሳ በቀለና ታሪኩ በቀለ አንድ ስም የተጋሩት የአንድ አባት ልጆች ስለሆኑ ነው። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባም ሦስቱም በኦሊምፒክ ሜዳልያ ያገኙ እኅትማማቾች ናቸው። በማራቶን የምትታወቀው ብዙነሽ በቀለ ግን በስሟ ምክንያት ብቻ ከእነ ቀነኒሳ ጋር ልትቆጠር አይገባም፤ «በቀለ» የተባሉ አባቶች በየመንደሩ ሞልተዋልና።

ነገሩን የበለጠ ግልጽ የሚያደርገው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ የዲባባ እኅትማማቾች የቅርብ ዘመድ ናት። በቤተሰብ ስም በሚጠቀም አገር ቢሆን ይህ ዝምድና ከስም ሊገመት ይችል ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን የአጎትና የአክስት ልጆች አባቶቻቸው የተለያዩ ስለሆኑ የአባት ስማቸውም የተለያየ ነው። አባትና ልጅም እንኳ ሁለተኛ ስም አይጋሩም። እንግዲህ ስሙ የማይዛመዱትን አንድ አድርጎ፣ የሚዛመዱትን ለያይቶ ያሳያል ማለት ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ያህል ሰው እንዴት አንድ ስም ተጋራ?

«ገብረ ሥላሴ» ከግዕዝ የመጣ ጥምር ስም ሲሆን የሥላሴ አገልጋይ ማለት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት ሕፃን ሲጠመቅ የሚሰጠው የክርስትና ስም ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ የተሠራ ነው፦ ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ለሴቶች ደግሞ ወለተ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም የመሳሰለው። ብዙ ሰው የክርስትና ስሙን ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ያስቀምጠዋል፤ በክርስትና ስሙ በአደባባይ የሚጠራም አለ። የቅዱሳኑና የበዓላቱ ስም የተወሰነ ስለሆነ በየትውልዱ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች በብዛት መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ለኋላው ነገር ሁሉ መሠረት የሚሆን አንድ ነጥብ አለ። ጥምሩ ሁለት ቃል ይምሰል እንጂ አንድ ስም ነው። «ገብረ» ብቻውን የሚቆም ቃል አይደለም፤ የማን እንደሆነ የሚያሟላለትን ይጠብቃል። በኑሮ «ገብሬ» ብሎ ማቆላመጥ ያለ ነገር ነው፤ ይህ ግን ስሙን ከሁለት ቆርጦ ኋለኛውን ክፍል መጠሪያ ከማድረግ ይለያል። የውጭ ጸሐፊዎች ንጉሠ ነገሥቱን ደጋግመው «ሥላሴ» ብለው የሚጠሯቸው ይህን ባለማወቅ ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የተፈሪ መኰንን የክርስትናና የዘውድ ስም ነው፤ ኋለኛው ክፍል የቤተሰባቸው ስም አይደለም። በዚሁ አካሄድ ቢቆረጥ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም፣ ንጉሠ ነገሥቱም፣ ሯጩ ኃይሌም የአንድ «ሥላሴ» የሚባል ቤተሰብ አባላት ሊሆኑ ነው። (ሣህለ ሥላሴ በእርግጥ የንጉሠ ነገሥቱ ቅድመ አያት ናቸው፤ ዝምድናው ግን በስሙ አልመጣም፤ የዘር ሐረጉን የሚያውቅ ሰው ካልነገረን በቀር ከስማቸው አንደርስበትም ነበር።)

በላቲን ፊደል ለምን አንድ መልክ አጣ?

ዋናው ምክንያት የፊደላቱ አሠራር አለመገጣጠም ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይዞ በሰባት ሆሄያት ይዘረዝራል። ከሰባቱ ውስጥ የግዕዙና የሳድሱ ድምፅ በላቲን ፊደል የራሳቸው ምልክት የላቸውም። (ከዚህ በታች የላቲን ፊደላትን በእንግሊዝኛ መጠሪያቸው እንጠራቸዋለን።) «ገ»ን አንዱ በ«ኢ»፣ ሌላው በ«ኤ» ይጽፈዋል፤ ሁለቱም ትክክለኛውን ድምፅ አይሰጡም። ሳድሱ «ብ» ደግሞ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ሌላ ጊዜ ከቀጭን አናባቢ ጋር ስለሚነበብ፣ ጸሐፊው አናባቢ ያስገባ ወይስ ይተው የሚለውን በራሱ ይወስናል። በ«ሥላሴ» መጀመሪያ ያለው ሳድስም ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይዟል፦ በ«ኢ»፣ በ«አይ»፣ ወይም ያለ አናባቢ።

ሁለተኛው ምክንያት መጥበቅና መላላት ነው። በ«ሥላሴ» ውስጥ «ላ» ይጠብቃል፤ የእኛ ጽሕፈት ግን መጥበቅን አያሳይም። በላቲን ሲጻፍ አንዱ «ኤል»ን ይደግማል፤ ሌላው አይደግምም። የመጨረሻው ኃምስ «ሴ» ደግሞ በነጠላ ወይም በድርብ «ኤስ»፣ በ«ኢ» ብቻ ወይም በ«አይ» እና «ኢ» ይጨረሳል። በዓለም የታወቀው የንጉሠ ነገሥቱ ስም አጻጻፍ የያዘው ድርብ «ኤስ»ን ከ«አይ» እና «ኢ» ጋር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ታሪክ ነው። በጣልያንኛ «ጂ» የተባለው ፊደል ከ«ኢ» ወይም ከ«አይ» በፊት ሲመጣ እንደ «ጀ» ስለሚነበብ፣ «ገ» ተብሎ እንዲነበብ የሚፈልግ ሰው በመካከሉ «ኤች» ያስገባል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1941 በጣልያን ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ይህ ልማድ እዚያ ሥር ሰድዷል። የግርማይ ገብረ ሥላሴ ስም በ«ጂ» እና «ኤች» መጻፉ ከዚህ ይመነጫል። በአስመራ የተወለዱት የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም ገብረ ኢየሱስም የመጨረሻ ስማቸው በዚሁ መልክ የተጻፈ ነው። ያ ትንሽ «ኤች» ብዙ ጊዜ የሰውዬውን ቤተሰብ አገር ወይም የአንድ ዘመን የጽሕፈት ልማድ ትጠቁማለች፤ ስሙን ግን ሌላ ስም አታደርገውም።

በአራተኛ ደረጃ ክፍተቱ ይመጣል፦ ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው፣ ተጋጥመው ወይም በመካከላቸው ጭረት ተደርጎ ሊጻፉ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ብናባዛው ውጤቱ ያስገርማል። ለ«ገ» ሦስት፣ ለ«ብረ» ሦስት፣ ለመጋጠሚያው ሦስት፣ ለ«ሥ» ሦስት፣ ለ«ላ» ሁለት፣ ለ«ሴ» አራት ምርጫ ብቻ ብንይዝ 648 የአጻጻፍ ዓይነቶች ይገኛሉ። አብዛኞቹን ማንም አይጠቀምባቸውም፤ ከእነርሱ ውስጥ በሥራ ላይ ያሉት ጥቂቶቹ ግን መዝገብ ለማደናገር ይበቃሉ።

አማርኛን ወደ ላቲን ፊደል ለመለወጥ የተዘጋጀ ሥርዓት አለመኖሩ አይደለም። የአሜሪካና የብሪታንያ የቦታ ስም ቦርዶች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚጠቀሙበት አንድ ሥርዓት አለ፤ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁራንም በፊደላት ላይ ነጥብና ሰረዝ እየጨመሩ ድምፁን በትክክል የሚያሳይ አጻጻፍ አላቸው። የመጀመሪያው የታሰበው ለካርታ ነው፤ የሁለተኛውን ምልክቶች ደግሞ የኢሚግሬሽን ኮምፒውተር አይቀበላቸውም። ተራው ሰው ስሙን የሚጽፈው በትምህርት ቤት መምህሩ ወይም ፓስፖርቱን የሞላለት ጸሐፊ እንደጻፈለት ነው።

በራሳችን ፊደል አንድ ዓይነት ነው ማለትም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። «ሥላሴ» በንጉሡ «ሠ» ወይም በእሳቱ «ሰ»፣ ተጋጥሞ ወይም ተለያይቶ፣ አለዚያም በእዝባር «ገ/ሥላሴ» ተብሎ ይጻፋል። አንባቢው ሁሉንም አንድ አድርጎ ስለሚያነብ ችግር አይፈጠርም፤ ኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይይዛቸዋል።

ስሙን የያዙት እነማን ናቸው?

በዓለም ዘንድ ስሙን ያስተዋወቀው በአሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993፣ በ1995፣ በ1997 እና በ1999 በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ነው። የእርሱ ስም በላቲን ተጋጥሞ የሚጻፍ ሲሆን ከ«አር» በኋላ አናባቢ የለውም፤ ማለትም «ረ» እንደ ሳድስ ተቆጥሮ አልፏል። ከአራቱ አጻጻፎች ለአነባበብ በጣም የራቀው ይኸው በጣም የታወቀው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ዝና አንድን አጻጻፍ ትክክለኛ ያስመስለዋል።

ግርማይ በቤይጂንግ ሲያሸንፍ ዕድሜው ገና 19 ዓመት ነበር። በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ለኤርትራ የመጀመሪያውን ወርቅ ያስገኘው እርሱ ሲሆን፣ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ አራተኛ ወጥቶ በዚያው ዓመት የኒውዮርክን ማራቶን አሸንፏል። በእርሱ ስም ላይ «ኤች» ተጨምሮ ከ«ኤስ» በኋላ ያለው አናባቢ ተትቷል። ልዑል ደግሞ በ2018 ቫሌንሲያን ያሸነፈና በ2022 በለንደን ሁለተኛ የወጣ ሲሆን፣ ስሙ ከ«ኤስ» በኋላ «አይ» ይዞ በነጠላ «ኤስ» እና በ«ኢ» ይጨርሳል። የሁለቱን ሯጮች ስም ጎን ለጎን በላቲን ያነበበ፣ አንድ ስም መሆኑን የሚያውቀው ቋንቋውን ካወቀ ብቻ ነው።

ከስፖርት ውጭም ስሙ ሰፊ ነው። የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩት ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ስለ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በእንግሊዝኛ በጻፉት የታሪክ ሥራ ላይ ስማቸውን ከ«ጂ» ቀጥሎ በ«ኤ»፣ በመካከሉ በጭረት፣ «ኤል»ንም «ኤስ»ንም ደርበው አስፍረዋል። የዳግማዊ ምኒልክን የዘመን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ደግሞ ይህን ስም የያዙት እንደ ራሳቸው መጠሪያ ነው። የመጨረሻውን ስም እያየ የሚደረድር የውጭ ቤተ መጻሕፍት ዘውዴን በ«ገብረ ሥላሴ» ሥር፣ ጸሐፌ ትእዛዙን ደግሞ በ«አረጋይ» ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ የእኛን ልማድ የሚያውቅ ግን ዘውዴን በ«ዘ»፣ ጸሐፌ ትእዛዙን በ«ገ» ይፈልጋቸዋል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ ሰውን በመጀመሪያ ስሙ መዘርዘር የተለመደው ለዚህ ነው።

የአባት ስም መቼ የቤተሰብ ስም ይሆናል?

ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከቼክ እናት በቼክ ምድር ተወልዶ ያደገ ተከላካይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከስሎቫን ሊቤሬች ጋር የአገሩን ሊግ አሸንፎ ወደ ጀርመኑ ቬርደር ብሬመን የተዛወረ ሲሆን እስከ 2021 በዚያ ተጫውቷል። እኅቱ አና በእጅ ኳስ የታወቀች ናት። በማልያው ጀርባ ላይ ስሙ ሁለት ቃል ሆኖ ተጽፎ ቆይቷል። እዚያ አገር ስሙ እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ በትውልድ መካከል መለወጡን ያቆማል፤ የቴዎዶር ልጆች «ቴዎዶር» የሚለውን ሳይሆን «ገብረ ሥላሴ»ን ይዘው ይቀጥላሉ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብቻ ነው ስሙ በእውነት የቤተሰብ ስም የሚሆነው።

በስደት ከሄዱ ብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በአቴንስ ኦሊምፒክ የማራቶን ብር ያገኘው፣ በ2009 ኒውዮርክን፣ በ2014 ቦስተንን ያሸነፈው ትውልደ ኤርትራዊው አሜሪካዊ መብራህቶም ክፍለ እዝጊ በስሙ የያዘው የአያቱን ስም ነው፤ የአባቱ የአባት ስም በአሜሪካ ለመላው ቤተሰብ የጋራ ስም ሆነ። በዚህ አካሄድ አንድ ትውልድ ይዘለላል፤ አባትየው ከልጆቻቸው ስም ውስጥ ይወጡና አያት ለዘለቄታው ይቀራሉ።

የብስክሌት ውድድርን የሚከታተሉ ደግሞ የኤርትራዊውን ቢንያም ግርማይን ጉዳይ ያስታውሱ ይሆናል። በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የወሰደው ይህ ወጣት፣ በውጭ ዘገባዎች ላይ አንዴ የአባቱ አንዴም የአያቱ ስም እየተከተለው፣ «ግርማይ» የሚለውም በ«ኤች» እና ያለ «ኤች» እየተጻፈ ቆይቷል። ለቢንያም የአባት ስም የሆነው «ግርማይ» ለማራቶን ሯጩ የራሱ መጠሪያ መሆኑን ስናስብ፣ የውጭ ተመልካች ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ረገድ የተሻለውን መንገድ መርጧል፤ ዋና ዳይሬክተሩን በአገራቸው ልማድ «ዶክተር ቴድሮስ» ብሎ ይጠራቸዋል።

ፓስፖርትና ኮምፒውተር ምን ያደርጉበታል?

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት ማሽን የሚያነበው የፓስፖርት መስመር ለስም 39 ቦታ ብቻ ይሰጣል። ቦታዎቹን የሚሞሉት የላቲን ካፒታል ፊደላትና አንድ የመሙያ ምልክት ብቻ ናቸው። ጭረት ወደ መሙያ ምልክት ይለወጣል፤ ክፍተትም እንዲሁ። ስለዚህ በጭረት የተያያዘውና ተለያይቶ የተጻፈው ስም በማሽኑ ዘንድ አንድ ሲሆኑ፣ ተጋጥሞ የተጻፈው ግን ሌላ ስም ይሆናል። መስመሩ በተጨማሪ የቤተሰብ ስምን ለይቶ እንዲቀድም ይጠይቃል። የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው አንዳንዴ የአባቱን፣ አንዳንዴ የአያቱን ስም በዚያ ቦታ ያስገባል፤ በዚህም የተነሣ የአንድ ሰው ፓስፖርት፣ ዲፕሎማና የባንክ ደብተር ሦስት ዓይነት «የቤተሰብ ስም» ሊይዙ ይችላሉ። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ የተገኘ ሰው በአሜሪካ ቪዛ ላይ ያ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ፣ በመጀመሪያ ስሙ ቦታ «የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም» የሚለው አሕጽሮት «ኤፍ ኤን ዩ» ይጻፍለታል። ከዚያ በኋላ «ሚስተር ኤፍ ኤን ዩ» እየተባለ ደብዳቤ ሲደርሰው መኖሩ ቀልድ ቢመስልም የብዙ ሰው ገጠመኝ ነው።

በአጻጻፍ የሚለያዩ ስሞችን ለማገናኘት ከኮምፒውተር በፊት ጀምሮ የታሰበ መላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው ሳውንዴክስ የተባለው ዘዴ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይዞ፣ አናባቢዎችን ትቶ፣ ተቀራራቢ ድምፅ ላላቸው ተነባቢዎች አንድ ቁጥር እየሰጠ እያንዳንዱን ስም በአንድ ፊደልና በሦስት አኃዝ ያሳጥረዋል። በዚህ ዘዴ የኃይሌ፣ የግርማይና የልዑል የአባት ስም አጻጻፎች ሦስቱም አንድ መለያ ያገኛሉ፦ ጂ162። እስከዚህ ድረስ ዘዴው ሠርቷል። ቴዎዶር እንደሚጽፈው ተለያይቶ የተጻፈውን ስም ግን አንድ ጸሐፊ ኋለኛውን ክፍል ብቻ እንደ ቤተሰብ ስም ከወሰደው መለያው ኤስ420 ይሆንና ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይጠፋል።

የባሰው ደግሞ ሌላኛው ጎን ነው። ገብረ ኪዳን፣ ገብረ ሰንበትና ገብረ ኢየሱስም በዚሁ ዘዴ ጂ162 ናቸው። ከሦስቱ አኃዞች ሁለቱን የ«ገብረ» ተነባቢዎች ስለሚይዟቸውና አንድ ብቻ ስለሚቀር፣ ስሙን ስም የሚያደርገው ኋለኛው ክፍል በአንድ ድምፅ ብቻ ይወከላል። ገብረ ማርያምና ገብረ መድኅንም እንዲሁ በጂ165 አንድ ሆነው ይቀራሉ። ዘዴው የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስሞች በመሆኑ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ስሞችም ስላልተመቹት እ.ኤ.አ. በ1985 ለእነርሱ ራሱን የቻለ፣ ረዘም ያለ መለያ ያለው ሥርዓት ተዘጋጅቷል። በግዕዝ ጥምር ስሞች ላይ የሚሠራ መሣሪያ የሚሻ ባለሙያም መጀመሪያ ማድረግ ያለበት «ገብረ»ን፣ «ወልደ»ንና «ኃይለ»ን ለይቶ አውጥቶ፣ ከእነርሱ በኋላ ያለውን ማነጻጸር ነው።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ላይ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የመጠሪያ ስምና የአባት ስም እንደሚኖረው መደንገጉ ነው። በአስተዳደር ሰነዶችም ላይ የቤተሰብ ስም እንዲቀድም አዝዟል። ሕጉ የተረቀቀው በፈረንሳዊ ምሁር እጅ ስለነበር የዚያ አገር አሠራር ጥላ በዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ድንጋጌው ግን በኑሮ አልተተገበረም። ሕዝቡም መሥሪያ ቤቱም በስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም እንደተጠቀሙ ቀጠሉ፤ ዛሬም በቀበሌና በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ የሚሠራበት ይኸው ነው። ሦስት ትውልድ በመጥቀስ ሰውን መለየት ለአንድ ወረዳ መዝገብ ይበቃ ነበር። ሚሊዮኖች በሚመዘገቡበት ጊዜ ግን ሦስቱም ስሞቻቸው የሚገጥሙ ሰዎች በብዛት መገኘታቸው አይቀርም።

አንዱን ሰው ከሌላው በምን መለየት ይቻላል?

በልማድ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታና የልደት ዘመን ይጠየቃሉ። አሁን መዛግብት ወደ ቁጥር እየዞሩ ነው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ የሆነው ፋይዳ የጣት አሻራንና የዓይን ምስልን ወስዶ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ባለ 12 አኃዝ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢጻፍና የአጻጻፍ ልዩነት ቢኖርበት ቁጥሩ አይለወጥም። ለተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ መለያ፣ አንድ ምሁር በተለያየ አጻጻፍ ያሳተማቸውን ጥናቶች በአንድ ሰው ሥር ይሰበስባል።

ቁጥር ባልተዘረጋበት ቦታ የሚያዋጣው አንድን የላቲን አጻጻፍ መርጦ በፓስፖርት፣ በትምህርት ማስረጃ፣ በአየር ትኬትና በባንክ ሒሳብ ላይ ሳይለውጡ መጠቀም ነው። የትኛው አጻጻፍ ለድምፁ ይበልጥ ይቀርባል የሚለው ክርክር ለመዝገብ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ጥምር ስም ላላቸው ሰዎች ግን አንድ ምርጫ ከሌላው ይሻላል፦ ሁለቱን ክፍሎች አጋጥሞ መጻፍ። ክፍተት ያለው ስም በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ሁለት ስም ሊቆጠርና ግማሹ ወደ መካከለኛ ስም ሊዛወር ይችላል፤ የተጋጠመውን ግን ከመካከሉ ለመቁረጥ ምክንያት የሚያገኝ ጸሐፊ የለም።